ወንዴውን ኮሶ አትቁረጡት

ሰሞኑን የመጡት ጥያቄዎች ሁሉ ኮሶ ኮሶ ይላሉ፣ ምን እንደተገኘ እንጃ። እስቲ እንያቸው።

«ጋሼ፣ ጓሯችን 3 ኮሶ አለ፣ አንዱ አበባው ገርጣ ያለ ነው፣ መድኃኒት አይሆንም እያሉ አባቴ ለማገዶ ሊቆርጠው ነው።» — ከደምበጫ

ኧረ አስቁመው! እሱ እኮ ወንዴው ነው። ኮሶ ወንዱም ሴቷም ለየብቻ ዛፍ ናቸው፣ ለትሉ የሚወቀጠው የሴቷ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው አበባ ነው፣ ግን የወንዴው ብናኝ በነፋስ ካልደረሳት ዘር አትይዝም። ሰው ሁሉ እንዳባትህ ካሰበ ደግሞ ጥቂት ወንዴ ብቻ ይተርፍና ለአካባቢው ችግኝ ሁሉ አባት እነሱ ይሆናሉ፣ ችግኙ ሁሉ ዘመዳሞች ሆነ ማለት ነው።

«ችግኝ ጣቢያ ነው የምሠራው። ደብሩ ቅጥር ውስጥ አንድ የምታምር ኮሶ አለች፣ ዘር የምንለቅመው ከሷ ብቻ ነው። ችግር አለው?» — ከእንጅባራ

አለው እንጂ! 1000 ችግኝ ብታፈላ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ለዛፍ ማን ይቆጥርለታል? ነገ አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ ዘራቸው ደካማ ይሆናል፣ አንድ በሽታ ከገባም ሁሉንም በአንዴ ሊጠርግ ይችላል፣ የሚቋቋም ጂን (ከወላጅ የሚወረስ ባሕርይ) ያለው አንድ እንኳ ላይገኝ ነው። ቢቻል ከ30 እናት ዛፍ ልቀም፣ በመሃላቸው ከ50 እስከ 100 ሜትር ይኑር፣ ከእያንዳንዷም እኩል እኩል ውሰድ። አንድ ደብር ውስጥ 30 ከየት አባቱ ትለኛለህ፣ አውቃለሁ፣ ከዚህኛው 4 ከዚያኛው 5 እያልክ አዳርስ፣ ከፍታው ግን ይቀራረብ፣ ጮቄ ተራራ አናት ላይ የለመደውን ዘር ወደ ቆላው ዳር አታውርደው።

«የደብራችን ኮሶዎች ግዙፍ ናቸው፣ ታዲያ ምን ያሰጋል?» — ከቢቸና

ግዙፎቹ የበቀሉት ደኑ ሳይቆራረጥ ነው፣ ስለዚህ የድሮውን የዘር ስብጥር ዛሬም ይዘውታል። አንተ ሥር ሥራቸውን እየው፣ ቡቃያ አለ? ወይስ ከብት በልቶታል? የደኑ መቆራረጥ ጉዳት የሚታየው ልጆቹ ላይ ነው።

«የጥቁር እንጨት ልጥ ይሸጣል አሉ፣ እውነት ነው?» — ከቡሬ

ለፕሮስቴት (ለወንዶች እጢ) መድኃኒት ይፈለጋል፣ አዎ። ግን ከ1995 (በፈረንጅ) ጀምሮ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ ነው፣ ዙሪያውን ከገፈፍከው ደግሞ ዛፉ ይደርቃል፣ የሚገፈፉትም ዘር የሚሰጡት ትልልቆቹ ናቸው። ይቅርብህ።

«እማማ ኮሶ ጠጪ እያሉኝ ነው፣ ልጠጣ?» — ከማርቆስ

አትጠጪ እህቴ፣ ከበዛ ዓይን ሁሉ ይጎዳል። ጤና ጣቢያ ክኒን አለልሽ፣ ፊት ማጨማደዱም ይቀርልሻል።