ዴክሳ ላይ የታየው የጠጠር ጥላና ከፍ ያለው ኤል 2

እህቴ፣ የ24 ዓመቷ ልጅሽ ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስ የማጭድ ቅርጽ የሚይዝበት የዘር ሕመም) አለባት፤ የአጥንት ጥግግት ምርመራዋ (ዴክሳ) ላይ «ኤል 2 ከሌሎቹ ከፍ ብሏል፤ በቀኝ በኩል ጠጠር የሚመስል ጥላ አለ» ተብሎ ተጽፏል (ኤል 2 ሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ነው)፤ ይደገም ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ለጊዜው አይደገም። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም አስወጪ።

ከፍ አለ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም። ሲክል ሴል ያለበት ሰው የአከርካሪ አጥንቱ ደም አጥቶ ሲያገግም ጠባሳው ይጠጥራል፤ አጥንቱ ሲሰምጥ ደግሞ ያው ማዕድን ጠበብ ባለ ቦታ ይታጨቃል። ማሽኑ የማዕድኑን ግራም ለአጥንቱ ስፋት ስለሚያካፍል ሁለቱንም ጥሩ አጥንት አድርጎ ያነባቸዋል። ስለዚህ ኤል 2 ከጎረቤቶቹ በቲ-ስኮር (ከጤናማ ወጣት አጥንት ጋር በሚያነጻጽረው ነጥብ) ከ1.0 በላይ ከተለየ ከስሌቱ ይውጣ፤ የሚቀሩት ግን ከሁለት ማነስ የለባቸውም። በእሷ ዕድሜ የሚታየው ዚ-ስኮር (ከዕድሜ እኩዮቿ ጋር የሚያነጻጽረው ነጥብ) ነው፤ -2.0 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ለዕድሜዋ ዝቅ ያለ ነው። መስመጡን የሚለየው የወገብ የጎን ራጅ ነው። ብሽሽቷን የሚያማት ወይም የምታነክስ ከሆነ ዳሌዋም ይታይ፤ የጭን አጥንት ራስ መሞት ሲጀምር ራጅ ላይ ላይወጣ ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልጋል።

ወደ ጥላው ስንመጣ፣ በሲክል ሴል ቀይ የደም ሕዋስ ቶሎ ቶሎ ሲፈርስ ጥቁር የሐሞት ጠጠር ይሠራል፤ ካልሲየም ካለበት ዴክሳ ላይ ይታያል። ጠጠሩ አጥንቱ ላይ ካረፈ ልኬቱን ከፍ ያደርጋል፤ ከአጥንቱ ጎን ከሆነ ደግሞ ማሽኑ አጥንቱን የሚያነጻጽርበትን ሥጋ አክብዶ ልኬቱን ያወርዳል። በዋዜማው ካልሲየም ውጣ ከነበረም ያልሟሟ ክኒን ጠጠር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ለዚህ ነው ከ24 ሰዓት በፊት አቁሙ የሚባለው።

የሚያረጋግጠው የሆድ አልትራሳውንድ ነው። ለዚህ ከባሕር ዳር አትውጡ፤ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይበቃል። ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ጾማ፣ በጠዋት፣ ቡና እንኳ ሳትቀምስ ትሂድ፤ ውኃ ችግር የለውም። ከበላች የሐሞት ከረጢቱ ይኮማተርና ጠጠሩ ይሸሸጋል።

ጠጠር ተገኝቶ ሕመም ከሌላት አብዛኛውን ጊዜ ክትትል ይበቃል። የተጠበሰ ዓሣ ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ ስትበላ በቀኝ የጎድኗ ሥር የሚወጋት ከሆነ ግን ቀዶ ሐኪም ይያት። ትኩሳቷ 38.5 ከደረሰ፣ ዓይኗ ከወትሮው ይበልጥ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረ ያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰጃት፤ ነገ አትበይ።

ሐኪሙ በዚህ ውጤት የአጥንት መድኃኒት ልጀምርላት ካለ፣ ኤል 2 ከስሌቱ ወጥቶ እንደሆነና ቫይታሚን ዲ ታይቶ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂው። መውለድ እንደምታስብም ንገሪው፤ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ።