ባለቤትሽ የምግብ ቧንቧው ተቆጥቷል ከተባለ

እህቴ፣ ባለቤትሽ እዚህ ድሬዳዋ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ባለካሜራ ቀጭን ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ተነስቶ «የምግብ ቧንቧህ ተቆጥቷል» ተብሏል፤ አንቺ ደግሞ «ከምን መጣ? ካንሰር ይሆናል ወይ?» ብለሻል። አቦ፣ አትደንግጪ። እኔም አለብኝ፤ የደረሰብኝንና የተማርኩትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ በርበሬን ይወቅሳል። ያቃጥላል፣ አልዋሽም። ዋናው ጣጣ ግን ወደ ላይ የሚመለሰው የጨጓራ አሲድ ነው። ከጨጓራ በላይ ያለው መዝጊያ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ወጥቶ ቧንቧውን ያቆስላል። ውፍረት፣ ሲጋራ፣ አልኮልና እርግዝና ያባብሱታል። የኛን ከተማ ደግሞ ታውቂያታለሽ። ከሰዓት በርጫ ላይ ምግብ ይረሳል፤ ማታ ምርቃናው ሲበርድ ጥግብ ተብሎ ወዲያው ጋደም! እኔን አሲድ ከሚቀንሰው መድኃኒት ከኦሜፕራዞሉ እኩል የጠቀመኝ ከእራት በኋላ 3 ሰዓት ያህል ሳልተኛ መቆየቴ ነው። የአልጋውንም ራስጌ በጣውላ ከፍ አደረግኩ። ትራስ መደራረብ ግን አይረዳም፤ ሆድን አጥፎ ይጫናል። በሙቀቱ ጊዜ ግቢ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታችሁ የምትተኙ ከሆነም ከወገብ በላይ ያለው አካሉ ከፍ ይበል።

የሚወስደውን ኪኒን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገር። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ቧንቧው ላይ ከተጣበቁ ያቆስላሉ። ኪኒን በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አለመተኛት። ስኳሩ ያልተስተካከለ ወይም በኤችአይቪ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ደግሞ ቧንቧውን ፈንገስ ሊይዘው ይችላል። የዚያ መድኃኒት ሌላ ነው።

ወደ ካንሰሩ ልምጣ። አሲዱ ለዓመታት ሲመላለስ የቧንቧው ሽፋን የሚለወጥባቸው ሰዎች አሉ። ባሬት ይሉታል። ከነሱም ወደ ካንሰር የሚሄድባቸው ጥቂቶች ናቸው፤ ክትትል ግን ይፈልጋል። እኔን ያገኘኝ ሌላ መዘዝ ነው፦ ጠባሳ። ቧንቧው ሲቆስልና ሲድን ይጠባል። መጀመሪያ ጥብስ፣ ቀጥሎ ዳቦ፣ በኋላ ሩዝ ሳይቀር ደረቴ ላይ ይቆም ጀመር። በኢንዶስኮፒ ፊኛ አስገብተው አሰፉልኝና አሁን እበላለሁ።

ምግብ መሰንቀር ከጀመረው ወይም ያለምክንያት ከከሳ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ቶሎ ይታይ። ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። እስከዚያው ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቂው፦ ለምርመራ ናሙና ተወስዷል ወይ? ኢንዶስኮፒውስ መቼ ይደገማል?