መርከቧን መንግሥት ለጦርነት ቢወስዳት፣ መርከበኛውስ?

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም አካዳሚ ተመርቄ፣ የአንድ አውሮፓዊ አገር ሰንደቅ ዓላማ በምታውለበልብ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ላይ በኢንጂነርነት እሠራለሁ። ጦርነት ቢነሳ ያ አገር መርከቧን ወስዶ ለባሕር ኃይሉ ነዳጅ ማመላለሻ ሊያደርጋት እንደሚችል ባልደረቦቼ ይናገራሉ። እንዲህ ቢሆን አብሬ የመሄድ ግዴታ አለብኝ? ብማረክስ ምን ይደርስብኛል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምትቃጠል የነዳጅ መርከብ ያዳኑ ሠራተኞች ብዙ ገንዘብ እንደተከፈላቸው አንብቤአለሁ፤ ይህስ መብት ለእኔ ይሠራል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ሊለይ የሚገባው ነገር የመንግሥት ትእዛዝ የሚያርፈው በማን ላይ እንደሆነ ነው። አንድ መንግሥት በሰንደቅ ዓላማው ሥር የተመዘገበችን የንግድ መርከብ በጦርነት ጊዜ ለአገልግሎት የመውሰድ ሥልጣን ይኖረዋል፤ በራሱ ዜጎች ላይም በሕግ የአገልግሎት ግዴታ ሊጥል ይችላል። እርስዎ ግን የዚያ አገር ዜጋ አይደሉም፤ ከመርከቧ ጋር ያገናኘዎት የሥራ ውል ብቻ ነው። ውልዎ ደግሞ እንደ ሞተሩና እንደ መልሕቁ የመርከቧ ዕቃ ሆኖ አብሮ የሚተላለፍ ነገር አይደለም።

ለዚህ ኦሃዮ የተባለችው ታንከር (ነዳጅ ጫኝ መርከብ) ጥሩ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ1940 በፔንሲልቬንያ ግዛት በቼስተር ከተማ ተሠርታ የአሜሪካው የቴክሳስ ኩባንያ ንብረት የነበረችው ይህች መርከብ፣ በ1942 የተከበበችውን ማልታ በነዳጅ ለመርዳት ተፈልጋ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ለብሪታንያ አገልግሎት ስትሰጥ፣ በስኮትላንድ ክላይድ ላይ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ወርዶ የብሪታንያ ተሰቀለባት፤ አሜሪካውያኑ መርከበኞችም ወርደው በካፒቴን ደድሊ ሜሰን የሚመሩ ብሪታንያውያን ተተኩ። ባለቤቱ መርከቧን አጣ፤ ሠራተኞቹ ግን አብረው አልተወሰዱም። ኦሃዮ ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን በቶርፒዶ ተመታች፤ የመታቻት የጣልያን ባሕር ሰርጓጅ ስሟ «አክሱም» መሆኑን አንባቢዎቻችን ልብ ይሏል፣ የፋሺስቱ መንግሥት የዚያን ዓይነት ሰርጓጆች አድዋና ጎንደር እያለ ጭምር ሰይሟቸው ነበርና። መርከቧ በመጨረሻ ዲስትሮየር በሚባሉ ሁለት የጦር መርከቦች መካከል ታስራ ነሐሴ 15 ቀን ማልታ ወደብ ገባች፤ ካፒቴኑም የጆርጅ መስቀል የተባለውን የብሪታንያ የጀግንነት ሽልማት ተሸለመ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ፣ አዲስ ስምምነት ሳይገቡ በወታደራዊ አገልግሎት ላይ ወዳለች መርከብ ተዛውረው ይሠሩ ዘንድ በመርከቧ መወሰድ ብቻ አይገደዱም የሚል ነው። እ.ኤ.አ. የ2006 ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት መመሪያም፣ መርከቧ ሠራተኛው ወዳልተስማማበት የጦርነት ቀጠና የምታመራ ከሆነ ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዲኖረው ይመክራል። ይህ የስምምነቱ ክፍል በራሱ አስገዳጅ ስላልሆነ ዋናው ጉልበቱ በሰንደቅ ዓላማው አገር ሕግ፣ በሥራ ውልዎ ወይም በኅብረት ስምምነታችሁ ውስጥ በመጻፉ ላይ ነው።

ሊያሳስብዎት የሚገባው ግን ከመገደድ ይልቅ ጥበቃ ማጣት ነው፤ ሠራተኞች ብዙ ጊዜ የማያስተውሉትም ይህንኑ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ስምምነት የጦር መርከቦችንና የባሕር ኃይል ረዳት መርከቦችን በግልጽ ከወሰኑ አስወጥቷል። የእርስዎ መርከብ ትላንት የንግድ ጭነት የምታጓጉዝ ሆና ዛሬ በባሕር ኃይሉ ትእዛዝ ለጦር መርከቦች ነዳጅ የምታድል ከሆነች፣ ሞተሩና ካቢኑ ያው ቢሆንም እርስዎ የሚተማመኑበት ሕግ ግን ከበላይዎ ሊነሳ ይችላል።

በምርኮ ጉዳይም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመናል። እ.ኤ.አ. የ1907ቱ የሄግ ስምምነት በጠላት የንግድ መርከብ ላይ የተያዘ የገለልተኛ አገር ዜጋ የጦር ምርኮኛ እንዳይደረግ ይደነግጋል፣ የመርከብ መኮንን ከሆነ ግን ጦርነቱ እስኪያበቃ በጠላት መርከብ ላይ እንደማያገለግል በጽሑፍ ቃል ሲገባ ነው፤ ኢትዮጵያ በጦርነቱ ተካፋይ እስካልሆነች ድረስ ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም አንቀጽ ነው። ነገር ግን ያው ስምምነት በውጊያው ለምትሳተፍ መርከብ ይህ ጥበቃ እንደማይሠራ ጨምሮ ይናገራል። በባሕር ላይ ጦርነት ሕግ አረዳድ ደግሞ ለጦር መርከቦች ነዳጅ የምታቀብል የንግድ መርከብ ሕጋዊ የጥቃት ዒላማ ልትሆን ትችላለች። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት የተፋላሚ ወገን የንግድ መርከብ ሠራተኞች ሲማረኩ የጦር ምርኮኛ መብት እንዲያገኙ ስለሚያዝ ያለ አንዳች ከለላ አይቀሩም፤ ሆኖም ምርኮኛ ሆኖ በሰብአዊነት መያዝና ከነጭራሹ አለመማረክ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደመወዝንም በሚመለከት፣ በባሕር ወንበዴዎች የታገተ ሠራተኛ ደመወዙ እንዳይቋረጥ የሚያዘው ድንጋጌ በአንድ መንግሥት ባሕር ኃይል ለተያዘ ሠራተኛ አልተጻፈም።

ያነበቡት ታሪክ የሳን ዴሜትሪዮ ይመስለኛል። ይህች የአቪዬሽን ቤንዚን የጫነች የብሪታንያ ታንከር እ.ኤ.አ. ኅዳር 5 ቀን 1940 በአትላንቲክ ላይ አድሚራል ሼር በተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ተደብድባ ስትቃጠል፣ ካፒቴኑ ሠራተኞቹ መርከቧን ጥለው እንዲወጡ አዘዘ። ከጀልባዎቹ በአንዷ የነበሩት 16 ሰዎች ከሁለት ቀን በኋላ መርከቧን እንደገና አገኟት፤ ተሳፍረውም እሳቱን አጥፍተው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ ያለ ጎታች መርከብ ክላይድ አደረሷት። ፍርድ ቤቱ በ1941 በድምሩ 14,700 ፓውንድ ወሮታ ወሰነላቸው። የውሳኔው መሠረት ግን ጀግንነታቸው ብቻ አልነበረም። መርከበኛ የራሱን መርከብ ማዳን የተቀጠረበት ግዴታው ስለሆነ ወሮታ አይጠይቅም፤ እነዚህ ሰዎች ሊጠይቁ የቻሉት የመመለስ ተስፋ በሌለበት ሁኔታ በካፒቴኑ ትእዛዝ መርከቧን ሲለቁ የሥራ ውላቸው ስላበቃና በተመለሱ ጊዜ እንደ ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ አዳኝ ስለተቆጠሩ ነው።

አደጋ ላይ የወደቁ መርከቦችን ስለማዳን የሚደነግገው እ.ኤ.አ. የ1989ኙ ዓለም አቀፍ ስምምነትም አደጋው ከመድረሱ በፊት የተገባን ውል በአግባቡ ከመፈጸም ላላለፈ አገልግሎት ክፍያ የለም ይላል። ከዚህም በላይ መንግሥት የሚያንቀሳቅሳቸውን፣ ለንግድ ያልዋሉና የሉዓላዊነት ከለላ ያላቸውን መርከቦች፣ ያ መንግሥት ራሱ ካልፈቀደ በቀር አይመለከትም። በመሆኑም ለባሕር ኃይል በተወሰደች መርከብ ላይ የሳን ዴሜትሪዮን ጀብዱ ቢደግሙት እንኳ ወሮታው በእጅዎ እንደሚገባ አድርገው አይቁጠሩ።

ምክሬ እንግዲህ ከአሁኑ የሚሠራ ነው። የሥራ ውልዎንና የኅብረት ስምምነቱን አውጥተው ስለ ጦርነት ቀጠና ምን እንደሚሉ ያንብቡ፤ ዝም ካሉ፣ ውሉ በሚታደስበት ጊዜ አንቀጽ እንዲገባበት ይጠይቁ። መርከቧ ልትወሰድ መሆኑ እንደተነገረዎት አገልግሎቷ ሳይለወጥ በፊት፣ ለመቀጠል እንደማይስማሙና ወደ አገርዎ እንዲመለሱ እንደሚጠይቁ ለካፒቴኑና ለቀጣሪዎ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ የደረሰበትን ቀን የሚያሳይ ግልባጭም ያስቀሩ። በቃል ብቻ ተናግሮ በወደብ ላይ ጠፍቶ መቅረት ከሥራ እንደ መኮብለል ሊቆጠርና ደመወዝዎን ሊያስቀርብዎ ስለሚችል አያድርጉት። ለመቀጠል ከመረጡ ደግሞ፣ ቀጣሪዎ ማን እንደሆነ፣ የአደጋና የሞት ካሳው ስንት እንደሆነ፣ ቢያዙ ደመወዝዎ ለቤተሰብዎ መከፈሉ እንደሚቀጥል የሚገልጽ አዲስ ውል ሳይፈርሙና የመርከበኛነት መታወቂያ ካርድ ሳይሰጥዎ ከወደብ አይነሱ።