ፊደላችን በኮምፒውተር ውስጥ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ፊደልና ኮምፒውተር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደረሱኝ መሀል እነዚህን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምፒውተር «ለ»ን በምን ያውቃታል?

መልስ፦ በቁጥሯ። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ጽሕፈቶች መዝገብ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጣል። የእኛ በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው ዕትም ገባ። «ሀ» 1200 ናት፣ «ሁ» 1201፣ እንዲህ እያለ «ሆ» 1206 ላይ ይደርሳል። «ለ» ከ1208 ትጀምራለች። (አቆጣጠሩ የኮምፒውተር ሰዎች ነው፤ መሠረቱ 10 ሳይሆን 16።) ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቦታ፣ ስምንተኛው በአብዛኛው እንደ «ሏ» ላለ ዲቃላ። ልጆች ሆነን በዜማ የቆጠርነው ገበታ መልኩን ሳይለቅ ገብቷል። ይሄን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። በ1987 ዓ.ም. የተተየበ ቃለ ጉባኤ ስከፍት የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ብሎ ይወጣል። ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ አልጠፋም! ግን እባክዎ፣ ይህን አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ፋይሉን አይንኩ። ያኔ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ፎንት (ፊደላት የሚታዩበት የቅርጽ ስብስብ) ሠሪዎቹ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የእኛን ቅርጽ አለበሱ። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲኑ ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ። በአንድ ፎንት ውስጥ ደግሞ ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። ፊደላችን ከነዲቃላው፣ ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ በዚያ አይበቃውም። አንዳንዶቹ ለሁለት ፎንት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ቅርጹን ከቁርጥራጭ ገጣጠሙት። ሁሉም የየራሱ አደራደር ነበረው።

እኔ የአባቴን ጽሑፍ ያበላሸሁት እዚህ ላይ ነው። 40 ገጽ የቤተሰብ ታሪክ ነበር። ሁሉንም መረጥኩና ወደ አንድ ፎንት ቀይሬ ሴቭ አደረግኩት። የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው ምልክት አብሮ ጠፋ። ደግነቱ የታተመ ቅጂ ነበረን፤ ከሱ እያየሁ እንደገና ለመጻፍ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮፒ ያስቀምጡ። ከዚያ የፎንቱን ስም ጽፈው ይያዙ። ስሙ ከታወቀ የላቲኑን ቁጥር ወደ ትክክለኛው የፊደል ቁጥር የሚመልስ ሠንጠረዥ ይሠራለታል። አንዴ ከተመለሰ በየትኛውም ስልክ ይነበባል።

ጥያቄ፦ የጉራጊኛ ጽሑፍ ስከፍት አንዳንዱ ፊደል ባዶ ሳጥን ይሆንብኛል።

መልስ፦ ይሄ ከላይኛው ይለያል። ፊደሉ በትክክል አለ፤ የጎደለው ቅርጹ ነው። ለጉራጊኛ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት በ2021 እ.ኤ.አ. ነው ወደ መዝገቡ የገቡት። ለጉሙዝና ለባስኬቶም በ2010 እ.ኤ.አ. ተጨምሯል። የቆየ ስልክ አዲሶቹን አያውቅም። አዲስ ፎንት ሲገባ ሳጥኑ ይሞላል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ቴክስት ስጽፍ ለምን ቶሎ ሂሳብ ይቆርጣል?

መልስ፦ በላቲን አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። በእኛ 70 ብቻ። አንዲት «ሰላም» ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይቆጠራል።

ጥያቄ፦ «ጸሀይ» ብዬ ስፈልግ «ፀሐይ» አይመጣልኝም።

መልስ፦ መዝገቡ የሚያውቀው ፊደልን እንጂ ድምፅን አይደለም። «ጸ» እና «ፀ» ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ደግሞ ስድስት። ሲባዛ ይህቺ አንዲት ቃል 12 አጻጻፍ አላት። መፍትሔው ሞክሼዎቹን ማጥፋት አይመስለኝም፤ ታሪክ አላቸው። መፈለጊያው ነው እኩል እንዲያያቸው መደረግ ያለበት። የሶፍትዌር ልጆች፣ አደራ።

ጥያቄ፦ አራት ነጥብ ሲቸግረኝ «::» እጽፋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። «።» የራሷ ቁጥር አላት፤ 1362 ናት። የአማርኛ ኪቦርድዎ ላይ ከነጥቦቹ መሀል ይፈልጓት።