ልጄ «ባዮሜዲካል» ደረሰው፤ ዶክተር ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ነው። ልጄ 18 ዓመቱ ነው፤ ሕክምና ሕክምና እያለ ነው ያደገው። ዘንድሮ ለሕክምና አራት ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ አንዱም አልተቀበለውም። በአምስተኛ ምርጫው የሞላው ባዮሜዲካል ሳይንስ ግን ደረሰው። «እማዬ አታስቢ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና እዞራለሁ» ይለኛል። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ «እሱማ የሆስፒታል ማሽን ጥገና ነው» ብሎ አስደነገጠኝ። የቱን ልመን? ይግባ ወይስ ይቅርበት?

መልስ፦ በወንድምዎ ልጀምር። እሳቸው ያሉት ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግን ነው። አገር ቤት ስሙ የሚታወቀው ያኛው ስለሆነ አይፈረድባቸውም፤ እኔ ባዮሜዲካል ሳይንቲስት ነኝ፣ የእኔም አጎት ግን እስከ ዛሬ አልትራሳውንድ የምጠግን ይመስላቸዋል። የልጅዎ ትምህርት ሌላ ነው። እኛ ከምናውቀው ይበልጥ የሚቀርበው ለሜዲካል ላቦራቶሪ ነው።

ልጅዎ አልዋሸም፣ መንገዱ አለ። ግን ጠባብ ነው። በማመልከቻው ላይ ካሉት አምስት ምርጫዎች ለሕክምና የሚፈቀደው አራቱ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ ልጅ አምስተኛዋን ባዶ ላለመተው ባዮሜዲካል ይሞላባታል። እናም መስከረም ላይ ክፍል ሲገባ ግራና ቀኙ እንደሱው ሕክምና ያልተሳካለት ነው፣ ሁሉም «እዞራለሁ» ባይ። እኔም አንዱ ነበርኩ።

በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ተማሪ ወደ ሕክምና የሚያሻግሩ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የሚወስዱት ከላይ ያሉትን ጥቂት ልጆች ነው። ሌላው መንገድ ተመርቆ ለዲግሪ ያዦች የተዘጋጀውን የአራት ዓመት ሕክምና መግባት ነው። ለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቱ-ዋን የሚባለው ውጤት (ከአንደኛው ማዕረግ ቀጥሎ ያለው) ያስፈልጋል፣ ከዚያ ዩካት ወይም ጋምሳት የሚባሉት የመግቢያ ፈተናዎች አሉ፤ ተፎካካሪው ደግሞ ነርሱም ፋርማሲስቱም ነው። ገንዘቡንም አሁኑኑ ይቁጠሩት። የአራት ዓመቱ ፕሮግራም ላይ የመንግሥት ብድርና የኤን ኤች ኤስ (የመንግሥት ጤና አገልግሎት) ድጋፍ አለ። እሱ እምቢ ብሎት የተለመደውን የአምስት ዓመት ሕክምና እንደ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር ካለ ግን፣ እስካሁን በነበረው ደንብ እንግሊዝ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት የትምህርት ክፍያ ብድር አይሰጥም። በዓመት ከ9 ሺህ ፓውንድ በላይ ነው፣ ከኪስ።

ስለዚህ ሕክምናው ቢቀር እንኳን ዲግሪው ራሱ እንጀራ እንዲሆን አድርጎ መግባት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሸወዱት። «ባዮሜዲካል ሳይንቲስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤች ሲ ፒ ሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ያልመዘገበው ሰው በዚያ ስም መሥራት አይችልም። ለመመዝገብ ደግሞ አይ ቢ ኤም ኤስ የተባለው የሙያ ማኅበር ዕውቅና የሰጠው ዲግሪ ይዞ፣ በተፈቀደ ላቦራቶሪ ሠልጥኖ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን ዶሴ መሙላት አለበት። ዕውቅና የሌለው ዲግሪ የያዘ፣ ተጨማሪ ኮርስ መውሰድ ሊኖርበት ይችላል። ከእኔ ጋር ከተመረቁት ውስጥ ይሄን ሳያጣሩ ገብተው፣ ዲግሪ በማይጠይቅ የላቦራቶሪ ረዳትነት ሥራ ለዓመታት የቆዩ አሉ። ልጅዎ ዩኒቨርሲቲውን ሁለት ነገር ይጠይቅልኝ፦ ኮርሱ የአይ ቢ ኤም ኤስ ዕውቅና አለው? በመሃል አንድ ዓመት ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠራበት ዕድልስ አለ? ያቺ ዓመት ወርቅ ናት፣ ፖርትፎሊዮውን እዚያው ጨርሶ ሊመረቅ ይችላል።

ሥራውስ ምን ይመስላል? እኔ ያለሁት ደም የሚዘጋጅበት ክፍል ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ከማዋለጃ ይደወላል፤ የወለደች ሴት ደም እየፈሰሳት ነው። ናሙናዋ ሮዝ ክዳን ባላት ትንሽ ቱቦ ይመጣል። ቱቦዋ ላይ በእጅ የተጻፈው ስም ከፎርሙ ጋር በአንድ ፊደል ከተለየ አልቀበልም፣ እንደገና ይቀዳ እላለሁ። ዶክተሩ ይቆጣል፣ ይቆጣ። የተሳሳተ ደም ይገድላል። (የእኛ ሰው ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ «ፀ» አንዱ ጋ በሁለት ፊደል ሌላው ጋ በአንድ እየሆነ ስንቴ መልሻለሁ።) እስከዚያው የደም ዓይነቱ ላልታወቀ ሰው የሚሰጠው ኦ ኔጋቲቭ ደም ይሄድላታል። ሁለተኛው ናሙና ይመጣል፣ የደም ዓይነቷን አያለሁ፣ የሚስማማትን አመሳክሬ እልካለሁ። ጠዋት ላይ ድናለች ይሉኛል። ፊቷን አላየሁትም፤ እሷም እኔ የምባል ሰው መኖሬን አታውቅም።

እቺን ለልጅዎ ያንብቡለት። ደስ ካለው ይግባ፣ ሕክምናው ከመጣም መልካም። «እኔ የምፈልገው ከሴትየዋ አጠገብ መሆን ነው» ካለዎት ግን አንድ ዓመት እየሠራ ቆይቶ ለሕክምና እንደገና ቢያመለክት ይሻለዋል። የዩካት ውጤት የሚያገለግለው ለዚያው ዓመት ማመልከቻ ብቻ ስለሆነ ፈተናውን በድጋሚ መውሰድ አለበት፤ ምዝገባው እንዳያመልጠው ከአሁኑ ይከታተል።