የላቫጆ ማሽን ለቤት ይገዛ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ለአንድ መኪናና ለሲሚንቶ ግቢ የላቫጆ ማሽኑን፣ ውሃ በኃይል የሚረጨውን፣ ልግዛ ወይ ብለሃል። ከዋጋው በፊት ውሃህን እይ። እንደኛ ደሴ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆንክ ከሮቶ ነው የምትሠራው። ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሽን በደቂቃ ከ6 እስከ 7 ሊትር ገደማ ነው የሚወስደው፤ ከተራ የውሃ ጎማ ያንሳል። ግን ውሃው ተቆራርጦ አየር ከገባበት ፓምፑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ ማሸጊያ ጎማዎቹ ይበላሻሉ። የኔ የመጀመሪያው እንዲህ ነው የሞተው፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ሮቶውን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ፣ መግቢያው ላይ ማጣሪያ አትርሳ። በክረምት ከመኪናው የጭቃ መከላከያ ሥር የተጋገረው ጭቃ ተገምሶ ሲወርድ በጣም ደስ ይላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክረው፣ ልስኑን ገሽልጦ ይጥለዋል። መኪናህን በወር አንዴ ብቻ የምታጥብ ከሆነ አትግዛ፤ ላቫጆ ይበቃሃል።