ትሬሾልድ፣ አታክ፣ ሪሊዝ፦ እኔ እንዴት ለመድኳቸው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኤፍ ኤል ስቱዲዮን፣ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌሩን፣ ከጫንሽ ሁለት ወር ሆኖሻል። የምታዪው ቪዲዮ ሁሉ በማታውቂው ቃል ታጭቆ ግራ ገብቶሻል። «መጀመሪያ ቃላቱን ልሸምድድ ወይስ ዝም ብዬ ልሥራ?» ነው ያልሽው።

እኔ በሽምደዳ ነው የጀመርኩት። አንድ ደብተር ሙሉ ቃል ከነትርጉሙ ገልብጬ ነበር። አንድ ቀን የጓደኛዬን ዘፈን ይዤ ስቱዲዮ ሄድኩ። ሚክስ የሚያደርገው ልጅ ወንበሩን ለቀቀልኝና «እስቲ ትሬሾልዱን ትንሽ አውርደው» አለኝ። የትሬሾልድን ትርጉም በቃሌ እወጣዋለሁ። ጆሮዬ ግን ምን እንደሚጠብቅ አያውቅም። አወረድኩት፤ ምን እንደተለወጠ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደብተሩን ዘጋሁትና እንደ አዲስ ጀመርኩ። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅና አንድ ቃል ብቻ።

የመጀመሪያው ድምፅ ከበሮ ነበር። በስልክ የቀዳሁት፣ አሥር ሰከንድ የማይሞላ። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ውስጥ ያለውን ፍሩቲ ኮምፕረሰርን ጫንኩበት። ኮምፕረሰርን ሚክሰሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው አስቢው። ድምፁ ከሆነ ልክ በላይ ሲጮህ ቀነስ ያደርገዋል። ያ ልክ ትሬሾልድ ነው። ምን ያህል አጥብቆ እንደሚቀንስ የሚወስነው ሬሾ ነው። 4 ለ 1 ካደረግሽው፣ ልኩን በ8 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ያለፈ ድምፅ በ2 ብቻ አልፎ ይወጣል። አታክ ሰውዬው ድምፁን እስኪይዘው የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ሪሊዝ ደግሞ እስኪለቀው።

ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ ጽፌው ነበር። የገባኝ ግን አታኩን 1 ሚሊሰከንድ ሳደርገው ነው። ከበሮው ብርድ ልብስ የተደረበበት መሰለ። መዳፍ ቆዳው ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ጥፊ ጠፋ። ወደ 30 ሳወጣው ጥፊው ተመለሰ፤ ሰውዬው እጁን ሳይዘረጋ ምቱ አመለጠው ማለት ነው። ደብተሬን ከፍቼ «አታክ፦ ሲያጥር ምቱ ይታፈናል፣ ሲረዝም ምቱ ያመልጣል» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ቃል ረስቼው አላውቅም።

ሄርዝን ያስተማረኝ የቤታችን መብራት ነው። በማይክ የቀዳሁት ድምፅ ሁሉ ሥር «እምምም» የሚል ነገር አለ። የአገራችን መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ፣ ማለትም በ50 ሄርዝ፣ ነው የሚመላለሰው፤ «እምምም»ታው የመጣው ከእሱ ነበር። በኢኪው፣ ወፍራምና ቀጭኑን ድምፅ ለይቶ በሚቀንሰውና በሚጨምረው መሣሪያ፣ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ስቆርጠው ቀለለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። የቀረው 100 እና 150 ላይ የተቀመጠው የ50ው ሁለት እጥፍና ሦስት እጥፍ ነው። ያን ቀን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ምን እንደሚመስል በጆሮዬ አወቅኩ።

ሪቨርብና ዲሌይን ለመለየት ብዙ አትድከሚ። ዲሌይ የገደል ማሚቶ ነው፤ ቃሉ ተለይቶ ይመለሳል። ሪቨርብ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስታጨበጭቢ ተከትሎ የሚቀረው ጭራ ነው። ሚዲ ደግሞ ድምፅ አይደለም፤ የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ ምን ያህል ተጠንክሮ ተመታ የሚል ትእዛዝ ነው። አንዱን ሚዲ በክራር ድምፅም በፒያኖም ልታስጫውቺው የምትችዪው ለዚህ ነው።

የሚያደናግረው ከባዱ ቃል አይደለም፤ ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ነው። ሲንት፣ ማለትም ድምፅ የሚፈጥረው መሣሪያ፣ ላይ ያለው አታክ ድምፁ ከዜሮ ተነስቶ እስኪሞላ የሚፈጅበት ጊዜ እንጂ የኮምፕረሰሩ አታክ አይደለም። ሳምፕል አንዳንዴ ቆርጠሽ የምትጠቀሚበት ድምፅ ነው፤ 44,100 ሲባል ግን ድምፁ በየሰከንዱ ስንት ጊዜ እንደተለካ ነው የሚነግርሽ። ቢትም እንደዚያው፤ አንዱ ምቱን ማለቱ ነው፣ ሌላው ያለቀውን ቅንብር። ፕሮዲዩሰር የሚለውንማ ተጠንቀቂው። በካሴቱ ዘመን ፕሮዲዩሰር ሲባል በብዛት ገንዘቡን የሚያወጣው ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ዛሬ በቪዲዮዎቹ የምትሰሚው ፕሮዲዩሰር የሚሠራውን ሥራ እኛ ጋ ሲሠራ የኖረው አቀናባሪው ነው። ከታላላቆች ጋር ስታወሪ ይህን ካላወቅሽ ሳትግባቡ ትለያያላችሁ።

ሁሉንም ወደ አማርኛ ልመልስ ብለሽ ግን አትጨነቂ። ኮምፕረሰር ኮምፕረሰር ይባል። የራሳችን ቃል ያለውን ግን አትጣዪው፤ ቅኝት፣ ምት፣ ቅንብር። ስኬል ሲሉሽ ትዝታን አስቢ። ትዝታ ሜጀርን ከሲ (C) ኖታ ብትጀምሪ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ጆሮሽ ከልጅነትሽ ጀምሮ ያውቀዋል።

ታይም ሲግኔቸርንም፣ ምቱ እንዴት እንደሚቆጠር የሚነግርሽን ቁጥር፣ በጭክጭካ ተማሪው። ብዙ ጀማሪ ጭክጭካን ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ምት በሚደረደርባቸው 16ቱ ሳጥኖች ላይ ለመደርደር ሲታገል አያለሁ። አይገባም፤ ምቱ የሚከፈለው በሦስት በሦስት ነዋ! ሳጥኖቹን 12 አድርጊያቸውና ሦስት ሦስቱን እያጨበጨብሽ ቁጠሪ። ያኔ 6/8 የሚሉት ቁጥር ምን እንደሆነ ትከሻሽ ይነግርሻል።

ዛሬ ማታ እንዲህ አድርጊ። ስልክሽን አውጪና ማንኛውንም ነገር፣ ጠረጴዛም ቢሆን፣ እየመታሽ ቅጂ። በስልክ ስፒከር አትስሚው፤ ወፍራሙ ድምፅ አይወጣልሽም፣ ኢርፎን አድርጊ። ኮምፕረሰሩን ጫኚ፤ ትሬሾልዱን ዝቅ፣ ሬሾውን ከፍ አድርገሽ አታኩን ብቻ ከዳር እስከ ዳር አመላልሺው። የሰማሽውን በራስሽ ቃል ጻፊ። ከዚያ ቅጂውንም የጻፍሽውንም እዚህ ለጥፊልኝ፤ ሰምቼ እመልስልሻለሁ።